ስትረግጡት የሚዘገይ ኮምፕሬሰር መኪና፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። የምነዳት መኪና ኋላዋ ላይ «ኮምፕሬሰር» የሚል የተጻፈባት ሲ-180 መርሴዲስ ስለሆነች ነው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል። ሱፐርቻርጀር (አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ የሚልክ መሣሪያ) ያለው መኪና ነዳጅ ስትሰጡት ቶሎ የማይነሳ ከሆነ ግቢያችሁ ውስጥ በራሳችሁ እጅ ልታፈጥኑት ትችላላችሁ። ፔዳሉ ላይ የሚሰካ ሳጥን ግዙ። የአየር ፊልትሮውን አውጡት፣ ካልሆነም ክፍት በሆነው ቀይሩት። የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ ብረት) አሳንሱ። ባይፓሱን (ትርፉን አየር የሚመልሰውን መንገድ) ድፈኑት። ስሮትሉን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን በር) እጠቡ። ኬብሉን አጥብቁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና ከፍታ አይበግረውም፣ ድሬዳዋ ላይ ያስተካከላችሁት ሐረርም ያው ነው ብሎ ይዘጋል።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ሰው መኪናውን በገዛ እጁ መንካቱ ጥሩ ነው። ኮፈን ከፍቶ የማያውቅ ባለመኪና ጋራዥ ሲገባ የተነገረውን ሁሉ አምኖ ይወጣል። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለውን መኪና መጠበቅ ግድ ነው። የምከራከረውም ለዚሁ ነው። ከተዘረዘሩት መላዎች ሁለቱ ይጠቅማሉ። የቀሩት ግን የእኛን አቧራ፣ የእኛን ሙቀትና የእኛን ዳገት አያውቁም።

ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። እዚህ «ኮምፕሬሰር» የሚባለው የኤሲው አይደለም። ጀርመኖች ሱፐርቻርጀርን የሚጠሩበት ስም ነው። ጋራዥ ሄዶ «ኮምፕሬሰሩ ድምፅ አለው» ያለ ጓደኛዬ ሲመለስ የኤሲው ተፈቶ ጠብቆታል፤ ስለዚህ ስሙን ለይታችሁ ተናገሩ። ሱፐርቻርጀሩ ውስጥ ሮተር የሚባሉ ሁለት የተጠማዘዙ ብረቶች አሉ። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስረዋል። ሞተሩ ሲዞር አብረው ይዞራሉ፣ አየር እያመቁ ወደ ሲሊንደር ይልካሉ። ሥራው የቆየ ነው። የዚህ ዓይነቱ መንፊያ ሩትስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1860 ፓተንት ባወጡት በአሜሪካ ኢንዲያና በነበሩት ወንድማማቾች ስም ነው።

ተርቦ በጭስ ግፊት ስለሚዞር ጭሱ እስኪበረታ ትንሽ ያስጠብቃል። በቺንጋ የታሰረ ግን የሚጠብቀው ነገር የለም። እግራችሁ ሲወርድ ወዲያው መነሳት አለበት። የጸሐፊው ዋና ስሕተት እዚህ ላይ ነው። መዘግየቱን የመኪናው ጠባይ አድርገው አዩት። ጠባዩ አይደለም። ኮምፕሬሰር መኪና ከዘገየ የጎደለበት ነገር አለ። የጎደለውን ሳይፈልጉ ሌላ ነገር መጨመር ሕመሙን መሸፈን ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

ፔዳሉ ላይ የሚሰካው ሳጥን «ጉልበት ይጨምራል» ተብሏል። አይጨምርም። እንደኔ ባለ መኪና ላይ ከፔዳሉ እስከ ሞተሩ የሚሄድ ኬብል የለም። ፔዳሉ ላይ ሴንሰር አለ፤ ምን ያህል እንደተረገጠ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ስሮትሉን በትንሽ ሞተር ይከፍተዋል። ሳጥኑ መሀል ገብቶ ይዋሻል። ሩቡን ስትረግጡ «ግማሹን ረገጠ» ብሎ ይናገራል። እስከ ወለሉ ከረገጣችሁት ሳጥኑ ኖረም አልኖረም ልዩነት የለውም። ከሞተሩ የሚወጣው ያው ነው።

እኔም ገዝቼው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ አለኝ፣ መኪናዬ የታደሰች መሰለኝ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋላ ገበያ ውስጥ ገባሁ። እዚያ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ባጃጅ በግራ፣ ባጃጅ በቀኝ፣ ጋሪ ከፊት፣ መሀል የሚያቋርጥ ልጅ። እዚያ መኪና የሚነዳው በእግር ጣት ነው። ጣቴን አሳረፍኩ፣ መኪናዋ ዘላ ተነሳች። ፍሬን ይዤ ስትቆም ከፊቴ ካለው ባጃጅ ጋር የቀረኝ አንድ ክንድ አይሞላም። ውስጡ አንዲት እናት ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች። ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። የዚያኑ ቀን ማታ ሳጥኑን ነቀልኩት።

ሲነቀል የተሸፈነው ወጣ። መኪናዋ ከበፊቱ የባሰ ትዘገያለች። ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ መሪው ላይ ሁሉ ይሰማል። ለካ ሳምንታት ሙሉ ችግሩ ሲብስ እኔ በሳጥኑ ምክንያት አልሰማሁትም። እሑድ ጠዋት ኮፈኑን ከፈትኩ። አንድ ሜትር የምትሆን ቀጭን የውኃ ጎማ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። ሌላውን ጫፍ ሞተሩ እየሠራ ከቱቦ ወደ ቱቦ አዘዋወርኩት። (ይህን የምትሞክሩ ሰዎች ሽርጥ ለብሳችሁ ቺንጋው አጠገብ እንዳትቆሙ፤ አደራ።) ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለየሲሊንደሩ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ሥር ስደርስ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ነው።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ቱቦውን አወጣሁት። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትንፋሽ መልሶ ወደ ኢንቴክ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ነበር። ሲያዩት ደህና ይመስላል። መታጠፊያው ላይ ጫን ስለው ግን ስንጥቁ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ርዝመቱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ውስጡ ዘይት ጠጥቶ ለስልሷል፣ ውጪው ደርቆ ተፈርክሷል። ሃያ ዓመት ከትኩስ ሞተር አጠገብ የኖረ ጎማ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው እንዲህ ይሆናል። በዚያች ስንጥቅ ኮምፒውተሩ የማያውቀው አየር ይገባል። ነዳጁና አየሩ ይዛነፋሉ። ስትረግጧት የምታመነታው ለዚህ ነው። ቱቦውን ከሁለት አዲስ ፋሼታ ጋር ቀየርኩት። ሚኒሞው ተረጋጋ። ጣቴ ሲወርድ መኪናዋም ወዲያው ትነሳለች፤ ግን አትዘልም።

ስለዚህ የሳጥኑን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን ትንሽ ስካነር ግዙ። የሚያነባቸውን ቁጥሮች እዩ። «ፊውል ትሪም» የሚለው ከዜሮ ብዙ ርቆ ወደ ላይ ከወጣ፣ በተለይ አሥር በመቶን አልፎ እዚያው ከቆየ፣ ኮምፒውተሩ ለሆነ ጉድለት ነዳጅ እየጨመረ ያካክሳል ማለት ነው። የአየር ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ ሴንሰርም ሊሆን ይችላል። ፍለጋውን ከየት እንደምትጀምሩ ግን ይነግራችኋል።

ፊልትሮ ስለማውጣት የተጻፈው በጣም አሳዘነኝ። አውሮፓ ውስጥ ዝናብ በሚያጥበው አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ክፍት ፊልትሮ ቢገጥም ለጊዜው ያመልጥ ይሆናል። ድሬ ላይ ግን ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ነፋስ ሲነሳ ከዚራ ያለው ዛፍ ቅጠል እንኳ ቀለሙ ይቀየራል። ያ አሸዋ የት እንደሚሄድ አስቡት። ሁለቱ ሮተሮች ጎን ለጎን ይዞራሉ እንጂ አይነካኩም። መሀላቸው ያለው ክፍተት የፀጉር ያህል ነው። አየሩን የሚያምቁት በዚያች ጠባብነት ነው። አሸዋ ሲገባ ልባጣቸውን ይፍቀዋል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ አየሩ ወደ ኋላ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ ያ ሱፐርቻርጀር የሚመለስ ነገር የለውም። ሊያፈጥኑት አውጥተው ለዘለዓለም ያዘገዩታል። አሸዋው እዚያ ብቻም አይቆምም፤ ፒስቶንና ሲሊንደር ቀጥሎ አለ።

ክፍት ፊልትሮ ሌላም ጣጣ አለው። የሚስበው ከኮፈን ሥር ያለውን ትኩስ አየር ነው። ፋብሪካው የሠራው ሳጥን ከፊት በኩል ከውጪ የሚስበው ያለምክንያት አይደለም።

ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ቀላል ፍተሻ አለ። ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ፍቱና ውስጡን በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ንጹሕ ከወጣ ደህና ነው። ቡናማ ዱቄት ይዞ ከወጣ ፊልትሮው ያሳልፋል፣ ወይም የሳጥኑ ክዳን አልገጠመም። ክሊፑ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ክዳን ስንቱ መኪና ላይ አይቻለሁ! የወረቀቱን ፊልትሮ መመሪያው ከሚለው ቀድማችሁ ቀይሩ። ድንጋይ ላይ አራግፎ መመለስ፣ በጎሚስታ አየር መንፋት ወረቀቱን ይቀደዋል።

ፑሌጃውን ማሳነስ ደግሞ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው እንኳ የግቢ ሥራ አይደለም። ጸሐፊው ሐሳቡን በትክክል አስቀምጠዋል። ፑሌጃው በአሥር በመቶ ካነሰ ሱፐርቻርጀሩ አሥራ አንድ በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ብዙ አየር ይልካል። ያልነገሩን ሙቀቱን ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። በግንቦት ድሬ ላይ 35 ዲግሪ የሆነ አየር ገብቶ በእንዲህ ዓይነቱ መንፊያ 1.4 እጥፍ ቢታመቅ ሲወጣ ሙቀቱ 80 ዲግሪን ያልፋል። ይህ ገና ፋብሪካው ባስቀመጠው መጠን አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ስታፈጥኑት የታመቀውን አየር የሚያበርደው ራዲያተር፣ ኢንተርኩለሩ፣ ማብረድ ያቅተዋል። ትኩስና የታጨቀ አየር ደግሞ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ገና ሳይደርስበት ቤንዚኑን በራሱ ያስነሳዋል። ሞተሩ ያንኳኳል። ቤንዚናችሁ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ ወይም ወረፋ ሰልችቷችሁ መንገድ ላይ በጀሪካን የገዛችሁት ከሆነ ይብሳል። የነዳጅ ታንከር ክዳኑ ላይ መኪናው የሚፈልገው ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) ተለጥፏል። አንብቡት።

ኮምፒውተሩ ማንኳኳቱን በሴንሰር ይሰማል። ሞተሩን ለማዳን ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ ያዘገያል። ሲያዘገይ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ምላሹም ይደነዝዛል። ልብ በሉ፤ ገንዘብ አውጥታችሁ፣ ብሎን ፈትታችሁ፣ አጭር ቺንጋ ፈልጋችሁ ስታበቁ ድሬ ላይ ቀን ስድስት ሰዓት ከበፊቱ የዘገየ መኪና ይኖራችኋል። ማንኳኳቱ ካለፈ ደግሞ የሚመጣው የተበላ ፒስቶን ነው።

ባይፓሱን ስለመድፈን ረጅም አላወራም። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ሱፐርቻርጀሩ ከሚፈለገው በላይ አየር ያመጣል። ባይፓሱ ትርፉን መልሶ ወደ መግቢያው ይለቀዋል። በአንዳንዱ መኪና በቫኪዩም፣ በአንዳንዱ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከደፈናችሁት ያ አየር እየታመቀ፣ እየሞቀ ይቆያል። ነዳጅ ትበላላችሁ፣ ሱፐርቻርጀሩ ይጮኻል። ስትረግጡ ባይፓሱ በራሱ ስለሚዘጋ ያተረፋችሁት የለም። ተጣብቆ የማይዘጋ ባይፓስ ግን እውነተኛ የመዘግየት ምክንያት ነው። ስለዚህ መንቀሳቀሱን አረጋግጡ፣ አጽዱት፣ ቦታው መልሱት።

ስሮትል ማጠብ ጥሩ ምክር ነው። ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። የዘይት ጭስ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ የስሮትሉ ሳህን ዳር ላይ ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ያ ቀለበት ፔዳሉ ገና ሲነካ ያለውን ቅልጥፍና ይወስዳል። በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ ማድረጉን ግን ተዉት። ለስሮትል ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ሞተሩ ይብረድ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ አይቁም። ኤሌክትሪክ የሆነውን ሳህን በካቻቢቴ እየገፋችሁ አትክፈቱት፤ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ፕላስቲክ ሊሆኑ ይችላሉ። ካጸዳችሁ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ቢወዛወዝ አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ የለመደው ቆሻሻውን ስሮትል ነበርና እንደ አዲስ ይለምዳል። ካልተረጋጋ በማሽን ማስተካከል ያስፈልገዋል።

ኬብል ማጥበቁም ኬብል ላለው መኪና ልክ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልል ይተዉለት። ከጠበቀ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይቀራል። የእኔ ዓይነቱ ግን የሚጠብቅ ኬብል የለውም።

የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ለድሬና ለሐረር ሰዎች ትልቁ ነው። ሱፐርቻርጀር ከፍታ አይበግረውም ተብሏል። ይበግረዋል። ከተርቦ ይበልጥም ይበግረዋል። ተርቦ አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ በመዞር የጎደለውን በከፊል ሊያካክስ ይችላል። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ታስሯል። በአንድ ዙር የሚያመጣው አየር መጠኑ ያው ነው፤ የሳሳ አየር ካገኘ የሳሳ አየር ይልካል።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 13 በመቶ ያህል ያንሳል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ 20 በመቶ ያህል ያንሳል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሙቀትም አየር ያሳሳል። ድሬ 35 ዲግሪ፣ ሐረር 24 ዲግሪ በሆነበት ቀን ብታሰሉት የሐረር አየር ከድሬው የሚሳሳው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሐረር ብርድ ከፍታው ከወሰደው አርባ በመቶ ያህሉን ይመልሰዋል። ድሬ ደግሞ ዝቅ ብላ ካገኘችው ከፊሉን በሙቀቷ ታጣለች። «ድሬ ላይ መኪናዬ ደከመች፣ ሐረር ስወጣ ግን ነቃች» የሚሉ ሰዎች አሉ። አይዋሹም። የመኪናቸው ኢንተርኩለር ሐረር ላይ ቀዝቃዛ አየር ስላገኘ ነው።

መኪናው የሚፈተነው መሀል ላይ ነው፣ ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ባለው ደንገጎ ዳገት ላይ። ከጭነት መኪና ኋላ ተይዛችሁ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቃችሁ ትወጣላችሁ። ነፋስ የለም። ኢንተርኩለሩ የሚያገኘው ከፊት ያለውን መኪና ጭስና ሙቀት ነው። ከዚያ መንገዱ ይከፈትና ልትቀድሙ ትረግጣላችሁ። መኪናው ያመነታል። ከላይ ደግሞ የአወዳይ ጫት የጫነው መኪና እየበረረ ይወርዳል። ምላሽ የሚባለው ነገር ትርጉሙ የሚገባኝ እዚያ ነው። ስለዚህ እዚያ ዳገት ላይ ከጭነት መኪናው ራቅ በሉ። አየር ይግባላችሁ። መንገዱ ሲከፈት ወዲያው አትቅደሙ፣ ትንሽ ነፋስ አግኝቶ ይብረድ።

ቤት ስትመለሱ ኢንተርኩለሩን እዩት። የኔን ለመጀመሪያ ጊዜ በባትሪ ሳበራበት ክንፎቹ መሀል የተጣበቀ ፌስታል፣ የደረቀ ጭቃና የአንበጣ ክንፍ አገኘሁ። ግማሹ ፊቱ ተደፍኖ ነበር። በቀስታ በሚወርድ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጪ አጠብኩት። ኃይለኛ የላቫጆ ውኃ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል፣ አይሆንም። ስካነሩ ላይ የሚገባው አየር ሙቀት ቁጥር አለ። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ መንገድ ሄጄ አየሁት። ልዩነቱ እግሬ ላይ ሳይቀር ታወቀኝ።

በተመሳሳይ ሰዓት ያልኩት ወድጄ አይደለም። ድሬ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የተነዳ መኪናና ቀን 8 ሰዓት የተነዳ መኪና አንድ አይደሉም። ጸሐፊው «ፑሌጃውን ቀይሬ ልዩነቱን ወዲያው አየሁት» ብለዋል። ከቀየሩ በኋላ የሞከሩት በስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልጻፉም። በጠዋት ከነበረ ልዩነቱን ያመጣው ብርዱ ሊሆን ይችላል።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን እንደገና የሚያወጡት ከሆነ ስለ ስሮትልና ስለ ኬብል ያሉትን ይተዉት፣ ጠቃሚ ነው። የፊልትሮውንና የፑሌጃውን ክፍል ግን ያንሱልን። እዚህ ሰፈር ሁለት ወጣቶች ፑሌጃ ሊያስቆርጡ ቶርኖ ቤት ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ለእነሱም ለሌላውም እላለሁ፦ ሳቢያን አካባቢ ያላችሁ፣ ኮምፕሬሰር መኪና ይዛችሁ የምትቸገሩ ካላችሁ እሑድ ጠዋት ኑ። ስካነሬንና ያቺን አንድ ሜትር ጎማ አውሳችኋለሁ። መጀመሪያ ፉጨቱን አብረን እንፈልግ።